ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ
ፎቶግራፍ፣ 1860 ዓ.ም.፣ ዋይት ደሴት፣ እንግሊዝ። ፎቶ አንሺ፦ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን

አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሰዉ ከጥቂት ወራት በኋላ የተነሣ ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ መቅደላን ከያዘው የእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ ትግራይ ላይ ዐረፉ። ልጁ ያለ ወላጅ መርከብ ተሳፈረ።

ለጃናሞራዋ ከተማ ለመካነ ብርሃን ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የእናቱ አባት ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡባት ያሠሯት ደረስጌ ማርያም እዚሁ ጃናሞራ ናት፤ በ1847 ዓ.ም. ውቤን ድል አድርገው ዘውዱን እዚያው የደፉት ግን ቴዎድሮስ ናቸው። ውቤ እስረኛ ሆኑ። ዓለማየሁ የአሳሪውም የታሳሪውም ደም ነው።

በሆሜር «ኦዲሴ» የጀግናው ልጅ ቴሌማከስም ያለ አባት ያድጋል። እሱ ግን ቤቱ አለ፣ እናቱ አለች፤ ጎልምሶ የአባቱን ወሬ ፒሎስና ስፓርታ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፤ ኋላም ከአባቱ ጎን ቆሞ ይዋጋል። ዓለማየሁ የሚጠይቀው ወሬ አልነበረውም፤ የአባቱን መጨረሻ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። እንደ አባት የቀረበው አማርኛ ተናጋሪው እንግሊዛዊ መኮንን ካፒቴን ስፒዲ፣ በአበሻ ስሙ ባሻ ፈለቀ፣ ነበር። ከእሱም የእንግሊዝ መንግሥት ለየው። ራግቢ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ የሳንድኸርስት ጦር አካዳሚ ገባ፤ ደስታ ያገኘበት የለም። ኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ ውስጥ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረው ዊንዘር ነው። ከፀጉሩ የተቆረጠ ጉንጉን መስከረም 2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ ለኢትዮጵያ ተመልሷል።