የልብ ሕመም ምልክቶች በምዕራብ ጎጃም ገጠር

በልጅነትና በወጣትነት የሚታየው የልብ ሕመም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ሲያቆስል ልጁን ያተኩሰዋል፤ ምራቅ መዋጥም ያቅተዋል። «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ይቆረጥለታል፤ ባክቴሪያው ግን እዚያው አለ። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ያብጣሉ፤ ሕመሙም ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ይህ ሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ይይዛል። አሳሳቹ ነገር ቁርጥማቱ በራሱ ጊዜ መልቀቁ ነው። ልጁ ድኗል ሲባል የልቡ ቫልቮች እየተጎዱ ሊሆን ይችላል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ትንፋሽ ማጠር ነው። ከወንዝ ውኃ ቀድታ ዳገቱን ሳታርፍ ትወጣ የነበረች ልጅ እመንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መቆም ትጀምራለች። እያደር በጀርባ መተኛት ያቅታታል፤ ትራስ ትደራርባለች፣ ሌሊት ታፍና ትነቃለች፣ ልቧ ድው ድው ይላል። ብዙ ሴቶች ሕመሙን የሚያውቁት ሲያረግዙ ነው፤ እርግዝና በልብ ላይ ሥራ ይጨምራልና።

ሌላው የልብ ሕመም ምልክት የእግር እብጠት ነው፤ በዚህ አገር ግን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው ዝሆኔ በአካባቢው የተለመደ ስለሆነ ያበጠ እግር ሁሉ ዝሆኔ ይባላል። ዝሆኔ ከመርገጫው ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሁለቱ እግሮች እብጠት እኩል አይሆንም፤ ሲቆይም ቆዳው ይደድራል። ከልብ ሕመም የሚመጣው እብጠት ግን ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ ወደ ማታ ይብሳል። ቅልጥሙ በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ሲለቀቅ ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቆያል። ዝሆኔም ገና ሲጀምር ሊሰረጉድ ስለሚችል የትንፋሽ ማጠር መኖሩ አብሮ መታየት አለበት።

በጎልማሶች ዘንድ ደም ብዛት ያለ ምልክት ይኖራል፤ ካልተለካ አይታወቅም፤ በተደጋጋሚ ተለክቶ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ያሻዋል። ደረትን ጨምድዶ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም «ውጋት ነው» ተብሎ አይታደርበትም። ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰርም ምች ነው ከማለት በፊት ሆስፒታል መድረስ ይገባል።

ልቡ የተጎዳ ልጅ የሚታከምበት፣ ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የጉሮሮው ሕመም በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ የሚሰጠው ፔኒሲሊን ግን ሩማቲክ ትኩሳትን ይከላከላል፤ እሱም በጤና ጣቢያ የሚሰጥ መድኃኒት ነው።