«በላ» ስለሚባለው ቃል

ከአማርኛ ግሦች መካከል ሕፃን አስቀድሞ ከሚለምዳቸው አንዱ «በላ» ነው። ዕለት ዕለት በማዕድ ዙሪያ የሚነገር በመሆኑ ምርመራ የሚያሻው መስሎ አይታይም። ነገር ግን በገበያና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ቆም ብለን ያደመጥን እንደ ሆነ፥ እህል ሳይነካ የሚበላ ስንት ነገር እንዳለ እንሰማለን። እሳት ቤት ይበላል፤ ዝገት ብረት ይበላል፤ የተመታ ሰው ዱላ በላ፥ ቃሉን ያጠፈም ቃሉን በላ ይባላል፤ ሰውነቱን የሚያሳክከው «ጀርባዬን በላኝ» ይላል። በገበጣና በዳማ ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ይበላል፤ በካርታ የተሸነፈውም «ተበላሁ» ብሎ ኪሱን ይዳብሳል። ወዳጁ አሳልፎ የሰጠው «አስበላኝ» እያለ ያማርራል። ለሌላው የሚያዝን ሰው ደግሞ «ይብላኝለት» ሲል፥ ቃሉን እንዳለ ብንወስደው፥ በዚያ ሰው ፈንታ ራሱን ለመበላት ማቅረቡ ነው።

የቃሉ ሥር የግእዙ «በልዐ» ነው፤ አማርኛ ዐይኑን ጥሎ «በላ» አለው። ዕብራይስጥና ዐረብኛ በዚሁ ሥር መዋጥን ይሉበታል። ለመብላት ዐረብኛ «አከለ» ይላል፤ ግእዝም ከዚያ ወገን «እክል» የሚለውን ስም ይዞ ቀርቷል፥ ይኸውም የእኛው እህል ነው።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ግን ቃሉ ከሹመት ጋር ያለው ዝምድና ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ አይገኝም። አንዱ ለመስረቅ ማመካኛ ያደርገዋል፤ ሌላው አባቶቻችን ሌብነትን ያመሰግኑ ነበር ብሎ ይፈርድባቸዋል። ሁለቱም ምሳሌው የተነገረበትን ሥርዐት የዘነጉ ይመስለናል።

በቀድሞው ሥርዐት ለሹም ከግምጃ ቤት በየወሩ ተቈጥሮ የሚሰጥ ገንዘብ አልነበረም። ንጉሡ ለመኰንኑና ለደብሩ ጉልት፥ ለወታደሩ ማደሪያ ይሰጣል፤ ገባሩም ለመንግሥት የሚገባውን እህልና ማር ለዚያ ሰው ያገባል፥ ጕልበቱንም ይገብራል። ይህን መቀበል «መብላት» ይባል ነበር። በሰሜኑ ክፍል መሬቱ በርስትነት የገበሬው ስለ ነበር፥ ባለ ጉልቱ የሚበላው ግብሩን ነው። በደቡብ ግን ገባሩ ከግብሩ ጋር መሬቱንም ያጣበት ስፍራ ብዙ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን «በላ» ማለት ተሾመ፥ ድካሙም ተከፈለው ማለት ነበር። የተሻረ ሹም ጡረታ የለውም፤ በሹመቱ ጊዜ ያልበላ በሽረቱ ጊዜ ይራባል።

ይህን ስንል የጥንቱን መብላት ንጹሕ ማድረጋችን አይደለም። ልኩን የሚወስነው ብዙ ጊዜ በላተኛው ራሱ ነበር፤ ሹምና ወታደር በመንደሩ ባረፉ ቍጥር ገበሬው ከግብሩ ሌላ ድርጎ ያቀርብ ነበር። ሆኖም የሚበላ ሰው የማብላት ግዴታም ነበረበት። «ግብር» የሚለው ቃል ገበሬው የሚያገባውንም ጌታው በአዳራሽ የሚጥለውንም ማዕድ በአንድነት ይሰይማል፤ በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ በግብር ቀን የሚስተናገደው ሰው በሺህ የሚቈጠር ነበር። ስለዚህ ነውሩ ለብቻ መብላት ነበር፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የተባለውም ለዚህ ነው።

በዚህ አነጋገር ብቻችንን አይደለንም። በቡጋንዳ ንጉሥ ሲነግሥ «ቡጋንዳን በላ» ይባላል፤ በሃውሳ ቋንቋም ሹመት ያገኘ ሰው ሹመቱን «በላ» ይባላል።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ አገረ ገዢዎች ከመንግሥት ደመወዝ የሚከፈላቸው ሹማምንት እንዲሆኑ አደረገ። ጉልት በ1958 ዓ.ም. በዐዋጅ ተሻረ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅም ከዚያ የተረፈውን አፈረሰ። «ደመወዝ» የሚለውን ስም ልብ ብለን እንየው፤ ደምና ወዝ ተጋጥመውበታል፥ ማዕድ ግን የለበትም። ሥርዐቱ እንዲህ ሲለወጥ ግሡ በስፍራው ቀረ። ትናንት መብት የነበረውን ይጠራበት የነበረ ሁሉ፥ ዛሬ ስርቆትን ይጠራበታል።

ሕጉ «ጉቦ መቀበል» ይላል፤ ሕዝቡ ግን «ጉቦ በላ» ማለቱን አልተወም። በእኛ አስተያየት ከሕጉ ቃል ይልቅ የሕዝቡ ቃል ጠለቅ ይላል። በመቀበል ውስጥ የሚታዩት ሰጪና ተቀባይ ብቻ ናቸው፤ በመብላት ውስጥ ግን የተበላ ሦስተኛ ሰው አለ። ባንድ ወቅት በአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ስንጠና፥ ወጣቱ ጸሐፊ አንድን ሽማግሌ «መዝገብዎ አልተገኘም» አላቸው። «ማን በላው?» ብለው ጠየቁት። «አይጥ ይሆናላ፥ አባባ» ብሎ ሣቀ። እሳቸው አልሣቁም።

የጥንቱ ትርጕም ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት ግን አንደፍርም። በዕቁብ ተራው ደርሶት ገንዘቡን የወሰደ ሰው «ዕቁብ በላ» ይባላል፤ ሁሉም በየተራው የሚበላ ስለ ሆነ ማንም አይቈጣውም። ያው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት መዋጮውን ይዞ ያልመጣ እንደ ሆነ፥ ዳኛውና ጸሐፊው እርስ በርሳቸው ተያይተው ያንኑ ግሥ ይደግሙታል፤ «በልቶ ጠፋ» ይላሉ።