የቲሞር ባሕር ስንጥቅና የድንበሩ ክርክር

ታሪክ ስንማር ከቤተ መንግሥትና ከጦር ሜዳ መነሳት ልማዳችን ነው። እስቲ ዛሬ ከባሕር ወለል ሥር እንነሳ።

በአውስትራሊያና በቲሞር ደሴት መካከል ያለው ባሕር ወለሉ መጀመሪያ ተለጥጦ ኋላ የተገፋ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የምድሩ ቅርፊት ሲለጠጥ ተሰነጠቀ፤ የተሰነጠቀውም ሰመጠ። በስምጡ ውስጥ ደለል በደለል ላይ ተነባበረ። ከደለሉ ጋር የተቀበረው የዕፅዋትና የደቂቅ ፍጥረታት ቅሪት በሙቀትና በክብደት ብዛት ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ሆነ። ስንጥቆቹም ተቀብረው ዝም አሉ።

ዝምታው ግን አልዘለቀም። አውስትራሊያን የተሸከመው የምድር ቅርፊት ገበታ፣ ፕሌት የሚሉት፣ በዓመት 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይጓዛል። ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በፊት ጠርዙ ባንዳ ከተባለው የደሴቶች ሰንሰለት ጋር ተላተመ። ቲሞር ወደ ላይ ተገፋች፤ የአውስትራሊያ ጠርዝ ከሥሯ ሊገባ ጎበጠ፤ በመካከሉም 3,000 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ገደል ተፈጠረ። መጉበጡ የጥንቶቹን ስንጥቆች ቀሰቀሰ። ስንጥቅ ያለበት እንስራ ሲመታ መጀመሪያ የሚከፈተው በዚያው በስንጥቁ አይደል? እዚህም እንዲሁ ሆነና ዘይቱ ከብዙ ቦታ ሾልኮ ወጣ። ቆፋሪዎች በአንዳንድ ጉድጓድ ያገኙት ዘይቱ የነበረበትን ምልክት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 አውስትራሊያና ኢንዶኔዥያ የባሕር ወለል ድንበር ሲዋዋሉ የአውስትራሊያ መከራከሪያ ይኸው ገደል ነበር፤ አህጉራችን የሚያበቃው እዚያ ነው አለች። መስመሩም ወደ ኢንዶኔዥያ አድልቶ ተሰመረ። ምሥራቅ ቲሞርን በቅኝ የያዘችው ፖርቱጋል ስላልተዋዋለች ግን በመስመሩ ላይ ክፍተት ቀረ። በታኅሣሥ 1975 ኢንዶኔዥያ ምሥራቅ ቲሞርን ወረረች። በ1989 የሁለቱ አገሮች ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በዚያው ባሕር ላይ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠው የክፍተቱን ሀብት ለመካፈል ፈረሙ። የአገሩን ሕዝብ ማን ጠየቀው?

መከራከሪያው በራሱ የቆመበት መሬት አልነበረውም። የአውስትራሊያ አለት ገደሉን አልፎ ከቲሞር ሥር ይዘልቃል፤ ገደሉ የግጭቱ ጠባሳ ነው እንጂ የአህጉር ማብቂያ አይደለም። ሕጉም ቢሆን ተለውጦ ነበር። በ1985 የዓለም ፍርድ ቤት በሊቢያና በማልታ ክርክር፣ ከዳርቻ እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ወሳኙ ርቀት እንጂ የወለሉ ሥነ ምድር እንዳልሆነ ፈርዷል።

ምሥራቅ ቲሞር በግንቦት 2002 ነፃ ወጣች። ድንበሯን ግን እስከ መጋቢት 2018 ጠበቀች። በተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ መሠረት አውስትራሊያን ወደ ግዴታ ሽምግልና ወስዳ፣ በአመዛኙ በሁለቱ ዳርቻዎች እኩሌታ የሚያልፍ መስመር ተፈረመላት።

እኛ የታሪክ ተማሪዎች እንግዲህ «ተፈጥሮ ያሰመረችው ድንበር» የሚል ቃል ባየን ቁጥር፣ መስመሩን ማን እንዳነበበውና ለማን ጥቅም እንዳነበበው እንጠይቅ።