ቁጭ በል ያልኩት ልጅ ልክ ነበር

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየብኝን ዕዳ ልከፍል ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሆነው በ1991 መጀመሪያ፣ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሰሞን ነው። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ በሰው እጅ አንድ ካርቶን ልኮልኝ ነበር። ውስጡ የሚገጣጠም የፕላስቲክ አውሮፕላን ነው፤ ላዩ ላይ “ኤፍ-19 ስቴልዝ” ይላል። ሌሊት እየተነሳሁ ገጣጠምኩት፣ ጥቁር ቀባሁት፣ የታሪክ ክፍላችን ጣሪያ ላይ በክር ሰቀልኩት። ከእናንተ መካከል የሚያስታውሰው አይጠፋም።

ሬዲዮው በራዳር የማይታይ አውሮፕላን ባግዳድን ደበደበ ሲል፣ ሞዴሌን አውርጄ ለክፍሉ አሳየሁ። “ይኸውላችሁ! ሚስጥሩ ቅርጹ ነው። ድቡልቡል ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እንደ ዓሣ ነው፤ የራዳሩ ሞገድ ያንሸራትተዋል” አልኩ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

“ቲቸር፣ አጎቴ ቤት መጽሔት ላይ ያየሁት እንዲህ አይደለም። ማዕዘን ማዕዘን ነው፤ የተሰባበረ መስታወት ይመስላል።”

ክፍሉ ሳቀ። እኔም “መጽሔቱ ተሳስቶ ይሆናል፤ ቁጭ በል” አልኩት። ቁጭ አለ። ዓመቱ እስኪያልቅ እጁን አላወጣም።

ልጁ ልክ ነበር። የተሳሳተው በእጄ የያዝኩት ፕላስቲክ ነው። እንዴት እንደተሳሳተ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ታሪኩ ግን ደስ ስለሚል ላውጋችሁ።

ያ ሞዴል ገበያ ላይ የዋለው በ1986 ነው። አምራቹ ቴስተርስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ንድፉን ያወጣው ጆን አንድሪውስ የሚባል ባለሙያ ነበር። ያኔ አሜሪካ ከራዳር የሚሰወር ተዋጊ አውሮፕላን እንዳላት ብዙ ሰው ይጠረጥራል፤ መንግሥት ግን ትንፍሽ አይልም። የአየር ኃይሉ ቁጥር ከኤፍ-18 ዘሎ ኤፍ-20 ላይ ስለገባ፣ “የተደበቀው 19ኛው ነው” ተባለ። አንድሪውስ ያንን ወሬና ስለ ራዳር በይፋ የሚታወቀውን አንድ ላይ አድርጎ ገመተ። ግምቱ ጎኑ የተድበለበለ፣ ጅራቶቹ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ አውሮፕላን ሆነ። ሰው ተሻምቶ ገዛው። እኛ እንድናየው ያልተፈቀደልንን አውሮፕላን የመጫወቻ መደብር እንዴት ይሸጠዋል ብለው የተቆጡ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ሳይቀሩ ነበሩ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር እውነተኛው አውሮፕላን ካሊፎርኒያ ውስጥ ተከስክሶ አብራሪው ሞተ። አካባቢው በወታደር ታጠረ፣ የአውሮፕላኑ ማንነት ግን አልተነገረም።

እውነተኛው ኤፍ-117 ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በጁን 1981 ነው። ማለትም ሞዴሉ ሲሸጥ እሱ አምስት ዓመት ሙሉ ሲበር ቆይቷል!

ማዕዘን ማዕዘን የሆነበት ምክንያት ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ፒዮትር ኡፊምጼቭ የተባለ የሶቪየት የፊዚክስ ሊቅ በ1962 ሞስኮ ላይ ሞገድ ከጠርዝ ላይ እንዴት እንደሚበተን የሚያሰላ ጥናት አሳተመ። እዚያ ማንም እንደ ወታደራዊ ሚስጥር አላየውም። ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በሎክሂድ ኩባንያ የሚሠራው ዴኒስ ኦቨርሆልሰር እጅ ገባ። የ1970ዎቹ ኮምፒውተር ግን የጎበጠ ገጽ ለማስላት አቅም አልነበረውም። ስለዚህ አውሮፕላኑን ከጠፍጣፋ ገጾች ሠሩት። ጠፍጣፋ መስታወት ፀሐይዋን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያንጸባርቅ፣ እያንዳንዱ ገጽ ሞገዱን ከራዳሩ አርቆ ይወረውረዋል። በኋላ ኮምፒውተሩ ሲጎለብት ጎባጣ ገጽም ማስላት ተቻለ፤ ቢ-2 የተባለው ቦምብ ጣይ ለዚህ ምስክር ነው። የአንድሪውስ ሐሳብ እንግዲህ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም፤ ለዚያኛው አውሮፕላን ግን ልክ አልነበረም።

የሚገርመው ነገር፣ እውነተኛው አውሮፕላንም ሲጀመር ሞዴል ነበር። የሎክሂዱ ኃላፊ ቤን ሪች በመጽሐፉ እንደተረከው፣ የእንጨት ሞዴሉን ምሰሶ ላይ ሰቅለው በራዳር ሲፈትሹት ባለሙያው ስክሪኑ ላይ ስላጣው የወደቀ መሰለው። ሌላ ጊዜ ደግሞ የሙከራው አውሮፕላን በድንገት ራዳር ላይ ቦግ ብሎ ታየ። ምክንያቱ ሲፈለግ ሦስት ብሎኖች በደንብ ሳይጠብቁ ቀርተው ከ3 ሚሊሜትር ብዙም ያልበለጠ ብቅ ብለው ተገኙ። ሦስት ሚሊሜትር! እኔ “ያው ጥቁር አውሮፕላን ነው፣ ምን ልዩነት አለው” እል ነበር።

በኖቬምበር 10 ቀን 1988 ፔንታጎን አንድ ብዥ ያለ ፎቶ አወጣ። በቃ፣ እውነቱ ታወቀ ትሉ ይሆናል። አልታወቀም። ፎቶው የተነሳበት አቅጣጫ አውሮፕላኑን አሳጥሮ፣ ክንፉንም ከእውነቱ የበለጠ ወደ ጎን ዘርግቶ ነው የሚያሳየው። በዚያ ፎቶ ብቻ ተመርተው ንድፍ የሠሩ ሰዎች አዲስ ስህተት ሠሩ። ሕዝብ አውሮፕላኑን በአካል ያየው በኤፕሪል 1990፣ ኔቫዳ ውስጥ ነው።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ “አሁንስ ትክክለኛውን ልሥራ” ብዬ አንድ አሮጌ የኤፍ-117 ኪት ገዛሁ። ማን እንደሠራው ይቅር። ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ ነው ይላል። እንግዲህ እውነተኛው 20.1 ሜትር ርዝመትና 13.2 ሜትር የክንፍ ስፋት አለው፤ ለ72 ስናካፍለው 27.9 እና 18.3 ሴንቲሜትር መምጣት አለበት። ማስመሪያ አምጥቼ ስለካው ርዝመቱ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ አጥሮ ተገኘ። ፕሮትራክተር ሳመጣ ክንፉም ልክ አይደለም፤ እውነተኛው ወደ ኋላ 67.5 ዲግሪ ይሸሻል፣ የኔው ግን በጣም ተከፍቷል። ያ የ1988 ፎቶ ስህተት ፕላስቲክ ሆኖ እጄ ገብቷል ማለት ነው!

ለማረም ሦስት ወር ፈጀብኝ። ክንፎቹን ከሥራቸው በቀጭን መጋዝ ቆርጬ ወደ ኋላ አጋደልኳቸው። ከፊት በኩል ክፍተት ሲፈጠር ሹል ፕላስቲክ ሸጎጥኩበት፣ ከኋላ በኩል የተረፈውን ሞረድኩት። አፍንጫውን ቆርጬ አስረዘምኩት። የዚህ አውሮፕላን ፈተናው ግን ገጾቹ ሁሉ የተያያዙ መሆናቸው ነው፤ አንዱን ስታቃኑት ጎረቤቱ ይዛነፋል። ሌላ አውሮፕላን ቢሆን ስቱኮ ቀብቶ በእጅ ማለስለስ ይበቃል። እዚህ ግን ጠርዙ ከዶለዶመ አለቀ። የብርጭቆ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፌ፣ አንዱን ገጽ ስሞርድ ሌላውን በፕላስተር እየሸፈንኩ ነው የሠራሁት። ሁለቴ አበላሽቼ እንደገና ጀምሬያለሁ።

ስሞርድ ያ ልጅ በአእምሮዬ ይመላለስብኝ ነበር። አንድሪውስ ሲገምት እውነቱ ተቆልፎበት ነበር። ፎቶውን ተከትለው የሠሩትም ያላቸው እሱ ብቻ ነበር። እኔ ግን እውነቱ ክፍሌ ድረስ መጥቶ፣ እጁን አውጥቶ፣ “ቲቸር” ብሎኝ ነው “ቁጭ በል” ያልኩት። መጽሔቱን ነገ አምጣና አብረን እንየው ብለው ምን ነበረበት? አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚፈጅብኝ። ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ፤ ማስረጃ ሲመጣ መመርመር ሥራዬ ነበር። በጓደኞቹ ፊት ያሳቅኩበት ግን ሞዴሌን ስለወደድኩት ነው።

ኤፍ-19ኙን አልጣልኩትም። ከተስተካከለው ኤፍ-117 ጎን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የልጅ ልጄ “የትኛው ነው እውነተኛው?” ብላ ስትጠይቀኝ፣ መጀመሪያ ፎቶዎቹን አሳያትና “አንቺስ የትኛው ይመስልሻል?” እላታለሁ።

አንተ የኋላ ወንበሩ ልጅ፣ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆነሃል። ስምህን አልጠራም፤ ካነበብከው ራስህን ታውቃለህ። ልክ ነበርክ። ማዕዘን ማዕዘን ነው። በክፍል ፊት አሳፍሬህ ነበርና፣ የዚያን ክፍል ልጆች ጨምሮ ሁሉም በሚያነብበት እዚህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

የዚያ ክፍል ልጆች፣ የት እንዳለ የምታውቁ ካላችሁ ይህን አድርሱልኝ። መልካም ሰንበት።