የሠዓሊው ስም

እ.ኤ.አ. በ1963 በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «አስትሮ ቦይ» በብዙ ሠዓልያን እጅ የተሠራ የሥዕል ፊልም ነበር። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እነዚያን የመሰሉ የቀድሞ ገጸ ባሕርያት ከናሙና አጥንቶ በአዲስ አኳኋን ይሥላል።

ከናሙና መማር ለአገራችን ጥበብ እንግዳ አይደለም። በ1590–91 ሮም ላይ የታተመው፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ ሥዕሎቹን የነደፈለት የዐረብኛ ወንጌል ኢትዮጵያ ደርሶ ለ17ኛው ምዕተ ዓመት ሠዓልያን ናሙና ሆነ። እነርሱም ሥዕሉን ቀለም አልብሰው ወደ ራሳቸው ወግ መለሱት። የቴምፔስታ ስም ሲታወቅ የአብዛኞቹ ስም ግን ጠፋ።

ማሽኑም የሺዎችን እጅ ያለ ስም ይቀላቅላል። ስለዚህ በወልዲያም ሆነ በሀብሩ መርሳ የሥዕል መምህር፣ ናሙናው የማን እንደሆነ መመዝገብን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስተምር ይገባዋል።