«ቆፍር» የምትለው ቃል

በአውስትራሊያ ምድር፣ ከኢናሚንካ መንደር በስተምሥራቅ፣ በኩፐር ወንዝ ዳር አንድ ያረጀ ዛፍ ቆሟል። ዝርያው ኩሊባ ይባላል፤ ለእኛው ባሕር ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ዛሬ ለሁለትና ለሦስት ሌሊት ብቻውን ከከተማ ግርግር መሸሽ የሚወድ ሰው፣ በፎር ዊል መኪናው ላይ ድንኳን፣ ውኃና ትርፍ ጎማ ጭኖ እስከ ዛፉ ድረስ ይነዳል። አስተዋይ መንገደኛ ታዲያ ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ለአንድ ሰው ሳይነግር አይወጣም። እኔ ያን አገር በካርታ እንጂ በእግሬ አላውቀውም። ሆኖም የዚህን ልማድ ዋጋ ከዚያ ዛፍ ታሪክ የበለጠ ያስረዳኝ የለም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 1860 ሮበርት ኦሃራ በርክ የተባለ የፖሊስ መኮንን የአሥራ ዘጠኝ ሰዎችን ጓድ እየመራ፣ ግመልና ፈረስ፣ ሠረገላና ስንቅ አስከትሎ ከሜልቦርን ተነሣ። ሕዝቡም በሆታ ሸኘው። ዓላማው አህጉሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን ማቋረጥ ነበር። በርክ ግን ቸኮለ። ጓዱን ከፋፍሎ ወደፊት ገሠገሠና ኩፐር ወንዝ ላይ ሰፈረ፤ ዲሴምበር 16 ቀን ደግሞ ዊልያም ጆን ዊልስን፣ ጆን ኪንግንና ቻርለስ ግሬይን ብቻ አስከትሎ ወደ ሰሜን ጉዞውን ቀጠለ። በሰፈሩ የቀረውን ዊልያም ብራሂን ሦስት ወር እንዲጠብቅ አዘዘው።

አራቱ ሰዎች በፌብሩዋሪ 1861 ወደ ካርፔንታሪያ ባሕረ ሰላጤ ተቃረቡ። የጨው ውኃው ከፍና ዝቅ ሲል አዩ፤ የማንግሮቭ ጫካው ጋርዷቸው ግን ባሕሩን ራሱን ሳያዩ ተመለሱ። በመልሱ ጉዞ ግሬይ ሞተ፤ የደከሙት ባልንጀሮቹም እርሱን ለመቅበር አንድ ሙሉ ቀን ዋሉ።

ያች አንዲት ቀን ዋጋዋ ከባድ ሆነ። ብራሂ ከታዘዘው በላይ አራት ወር ከጠበቀ በኋላ፣ ስንቁ ስላነሰና ሰዎቹ ስለታመሙ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1861 ጠዋት ሰፈሩን ለቆ ሄደ። ጥቂት ስንቅና ደብዳቤ በዛፉ አጠገብ ቀብሮ፣ ግንዱ ላይ «ቆፍር» የሚል ቃል ቀርጾ ነበር። በርክ፣ ዊልስና ኪንግ እየተንገዳገዱ የደረሱት በዚያው ዕለት ማታ ነው።

ቆፈሩ፤ ስንቁን አወጡ። ብራሂን ተከትለው ሊደርሱበት አልቻሉምና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሌላ መንገድ ለመሞከር ወሰኑ። የራሳቸውንም ደብዳቤ በጉድጓዱ ቀብረው አፈሩን እንደ ነበረ ደለደሉት። በግንዱ ላይ ግን አንዲት አዲስ ምልክት አልጨመሩም። ግንቦት ሲገባ ብራሂ ልቡ አላስችል ብሎት ተመለሰ፤ ዛፉን አየ፣ አፈሩን አየ፣ የተነካ ነገር ያለ አልመሰለውምና ሳይቆፍር ሄደ። ጓደኞቹ ግን በሕይወት ነበሩ፤ እዚያው ወንዝ ዳር።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ውሎዬ ከመዝገብ ጋር ነውና በጊዜው ያልታደሰ መዝገብ ሰው እንደሚያሳስት በየቀኑ አያለሁ። በእኔ ዘንድ ስሕተቱ ቢበዛ አንድ ማታ ያስመሻል። በዚያ ዛፍ ላይ ግን ትናንት እውነት የነበረች ቃል ዛሬ ሐሰት ሆና ሰው ገደለች።

እስካሁን ያወራሁላችሁ ስለ እንግዶቹ ብቻ ነው። ወንዙ ግን ባለቤት ነበረው። የያንድሩዋንዳ ሕዝብ እዚያው ይኖር፣ ዓሣ ያጠምድ፣ ናርዱ የተባለውን የፈርን ፍሬ እየፈጨ ይበላ ነበር። ለተራቡት መንገደኞችም ዓሣና ናርዱ ሰጣቸው። በርክ ግን በሰዎቹ ላይ እምነት አጣና በጥይት አስደንግጦ አራቃቸው። ሦስቱ ናርዱውን ራሳቸው ለማዘጋጀት ሞከሩ፤ ሆዳቸው እየሞላ ጉልበታቸው ግን እየከዳቸው ሄደ። ናርዱ በአግባቡ ካልተዘጋጀ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር እንዳለበት የታወቀው ብዙ ቆይቶ ነው። አባቶቻችን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ዊልስ ባልንጀሮቹ የአገሩን ሰዎች እንዲፈልጉ ለምኖ ሰደዳቸው፤ እርሱም በጎጆ ውስጥ ብቻውን ሞተ። በርክም በመንገድ ላይ ወደቀ። የቀረው ኪንግ ነው። እርሱ ወደ ያንድሩዋንዳዎች ሄዶ ከእነርሱ ጋር መኖር ጀመረ። አንዲት ሴት ክንዷ ቆስሎ ናርዱ መፍጨት እንዳቃታት ስታሳየው፣ ውኃ አሙቆ ቁስሏን አጠበላት፤ ሕዝቡም ዙሪያውን ከቦ ይመለከት ነበር። ከዚያ ወዲያ ምግብና ማደሪያ አላጣም። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1861 በአልፍሬድ ሃዊት የሚመራ የፍለጋ ጓድ በሕይወት አገኘው። ለበርክና ለዊልስ በ1863 ሜልቦርን ላይ ታላቅ የመንግሥት ቀብር ተደረገላቸው። ኪንግ ግን ጤናው ሳይመለስለት በ1872፣ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ ብቻውን እዚያ የሚያድር ሰው ማታ እሳቱን አንድዶ ቀና ሲል ዛፉን ያያል። ቅርፊቱ እያደገ አሮጌውን ቁስል ሸፍኖታል፤ «ቆፍር» የምትለው ቃልም ከውስጥ ተቀብራለች። ብቸኝነት ደስ የሚለው ተመልሶ መምጫችንን የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው ብዬ አስባለሁ። ኪንግን ያተረፈው ግን በዛፍ ላይ የተቀረጸ ቃል አይደለም፤ ማንም ሳይነግረው ያጠበው የአንዲት ሴት ክንድ ነው።