ፎንት

ፎንት የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ «ማቅለጥ» ማለት ነው። ማተሚያ ቤቶች ፊደልን ከቀለጠ ብረት ያወጡ በነበረበት ዘመን፣ መጠኑና ውፍረቱ አንድ የሆነው ሙሉ የፊደል ስብስብ ፎንት ይባል ነበር። ዛሬ ኮምፒውተራችን ላይ የምንጭነው ፋይል ስሙን ወርሷል።

ፋይሉ «ነፃ ፎንት» ቢባልም ፈቃዱን ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ለግል ሥራ ብቻ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባሉት የፊደላችን ፎንቶች የወጡት በኦፕን ፎንት ላይሰንስ ስለሆነ ለንግድ ሥራም ይሆናሉ፤ የሚከለከለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው።

ለስልክ መተግበሪያ ፎንት የሚመርጥ ዲዛይነር መጀመሪያ «ሱ» እና «ሲ»ን በትንሽ መጠን ጎን ለጎን ይጻፍ። ልዩነታቸው አንዲት ጭረት ናት፤ በ«ሱ» ከቀኙ እግር ወገብ ላይ፣ በ«ሲ» ከግርጌው። ጭረቷ ከደበዘዘች አንባቢው ይሳሳታል፣ በተለይ ዓይናቸው የደከመ አዛውንቶች። ይህን ቸል ማለት አንባቢን መናቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው፣ ርዕስን ለማጉላት ውፍረትና መጠን ይበቃሉ። ለላቲን የተሰላውን የመስመር ርቀትም ሰፋ ማድረግ ነው።